ቅቤ የተቀባው ማጉያ

ላፕቶፔ መጋል ከጀመረ ሰነባብቷል። አንድ ገጽ ሳልጽፍበት ጭኔን ያቃጥለኛል፤ ትንሽ ቆይቶ ድርግም ይላል። "ውሰጂና አሳዪው እንጂ፣ በስድብ ይድናል እንዴ?" ሲሉኝ ከረሙና ባለፈው ሳምንት ምሥራቅ ሰፈር ወዳለች አንዲት ጠባብ የጥገና ሱቅ ይዤው ሄድኩ። ባለሱቋ ሻሿን ጥብቅ አድርጋ ያሰረች ወጣት ናት፤ ረሒማ ትባላለች። ፈታታችው፣ አቧራውን በብሩሽ ጠረገችና ከውስጡ የደረቀ፣ ኖራ የመሰለ ነገር በጥፍሯ ፍቃ አሳየችኝ።

"ይኸው፣ ቅባቱ ደርቆ ነው" አለች። "ሙቀቱ መውጫ አጥቷል።"

ከዚያ ጥጥ አልኮል ነክራ መወልወል ጀመረች። ሽታው አፍንጫዬ ሲገባ ሳላስበው "እትዬ ዘነበች!" ብዬ ጮህኩ።

"ማን ናቸው?" አለች ረሒማ ወደ በሩ ዞራ።

"አረቄ ሻጭ ነበሩ" አልኳት። ምን ብዬ ላስረዳት?

ረሒማ ሣቀች። ከአንዲት ትንሽ ሲሪንጅ የምስር ፍሬ የምታህል ነጭ ቅባት ጠብ አደረገች። በቃ፣ ያችን ብቻ። "አነሰች እንዳትይኝ፣ ሁሉም ሰው ጨምሪ ጨምሪ ይለኛል" አለች።

"አልልሽም" አልኳት። አጎቴን ጋሼ ጴጥሮስን ለመጨረሻ ጊዜ ያየሁት እንዲህ ያለውን ቅባት ባወቅሁበት ዓመት ነው፤ ነገሩ ያኔም ግራ አጋብቶኝ ነበር፣ ዛሬም ግራ እንዳጋባኝ ነው።

ያኔ ከተማችንን አዋሳ ነው የምንላት። ዘመኑ የደርግ፣ እኔ ደግሞ የሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ቤታችን ከትልቁ አዳራሽ ጀርባ፣ ወደ ሐይቁ በሚወስደው መንገድ ላይ ነበር። አባቴ የጭነት መኪና ሹፌር ስለሆነ ከቤት ይልቅ መንገድ ላይ ነው የሚኖረው። ቤቱን የያዙት እናቴና ታናሽ ወንድሟ ጴጥሮስ ናቸው። እኔ ጋሼ ነው የምለው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሶ ሥራ ስላላገኘ በረንዳችን ላይ ሬዲዮ ይጠግናል። ይጠግናል ስል እንግዲህ፣ አንዳንዱ ሬዲዮ ይናገራል፣ አንዳንዱ ደግሞ እስከ ወዲያኛው ጭጭ ይላል። ጭጭ ያለ ጊዜ ለባለቤቱ "ጣቢያው ነው የዘጋው" ይለዋል፣ ሳቁን አፍኖ።

በጣም እወደው ነበር። ምን እሸፋፍናለሁ፣ ከአባቴም አስበልጬ ነበር የምወደው።

በዚያ ዓመት የጋሼ ዕድሜ ለብሔራዊ ውትድርና ደርሶ ነበር። እኔ ብሔራዊ ውትድርና ከሻሸመኔ ወዲያ ያለ ከተማ ይመስለኝ ነበር፤ ምክንያቱም ወጣቶቹን የጫኑ መኪኖች በዚያ በኩል ሄደው ባዷቸውን ነው የሚመለሱት። ሰው ሁሉ ሄዶ የሚቀርበት ምን ያለ ደስ የሚል አገር ቢሆን ነው እል ነበር። ደስ የሚል ከሆነ ታዲያ እናቶቹ ለምን መንገድ ላይ ቁጭ ብለው እንደሚያለቅሱ አይገባኝም። እናቴን ብጠይቃት "ዝም በይ፣ ይሄ የልጅ ወሬ አይደለም" አለችኝ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ ታደሰ አንድ ከባድ ዕቃ አሸክመው መጡ። የቀበሌው ኪነት፣ የዘፈንና የጭፈራ ቡድኑ፣ አምፕሊፋየር ነው፤ ሁሉም "ማጉያው" ነው የሚለው። ፊቱ ላይ ቁልፎች ተደርድረዋል፤ ጀርባው ላይ ደግሞ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ጥርስ ያለው አልሙኒየም አለ። እዚያ አልሙኒየም ላይ የብረት ቆብ የሚመስሉ ነገሮች በብሎን ታስረዋል። ጋሼ "ትራንዚስተር ናቸው፣ ድምፁን የሚያጎሉት እነሱ ናቸው" አለኝ።

ጓድ ታደሰ ተቀመጡና ላባቸውን ጠረጉ። "ይሄ ዕቃ ጉድ እየሠራኝ ነው" አሉ። "ሁለት ዘፈን እንደዘፈንበት ይግልና ጭጭ ይላል። ልጆቼ አፋቸውን ከፍተው መድረክ ላይ ይቀራሉ። የኪነት ውድድሩ ደግሞ ደርሷል።"

"እስቲ ልየው" አለ ጋሼ።

"እየው። ጴጥሮስ፣ በግልጽ ልንገርህ። ይሄ ማጉያ እስካለ ድረስ አንተም እዚህ አለህ። ለኪነቱ ታስፈልጋለህ ብዬ እከራከርልሃለሁ። ማጉያው ከሞተ ግን በምን አፌ?"

እናቴ በሩ ላይ ቆማ ሰምታለች። ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። እንግዲህ ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን ውስጥ ሁሉም ነገር በማጉያው ጤንነት ላይ ሆነ። "ዛሬስ እንዴት ዋለ?" ትላለች እናቴ ጋሼ ከልምምድ ሲመጣ፤ ስለ ሕመምተኛ ነው የምትጠይቀው የሚመስለው። "ትንሽ ግሎ ነበር" ይላታል። "አዬ ጉዴ" ትላለች።

አሁን ደግሞ ሌላ ግራ የሚያጋባ ነገር መጣ። እኛ ጴንጤዎች ነን። ጸሎት ቤታችን ስለተዘጋ የምንጸልየው እቤት ነው፣ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን። እናቴ ዘፈን ኃጢአት ነው ብላ ነው ያሳደገችኝ። ጎረቤት ሬዲዮ ዘፈን ሲያሰማ መስኮቱን ትዘጋለች፤ እኔ እንኳ ገመድ ስዘል የማንጎራጉራትን ነገር "ምንድን ናት እሷ?" ብላ ታስቆመኛለች። አሁን ግን ማለዳ ማለዳ ተንበርክካ "ጌታ ሆይ፣ ያንን ዕቃ አቀዝቅዘው፣ ዘፈኑ ሳያልቅ እንዳይዘጋ" እያለች ስትጸልይ እሰማታለሁ።

"እማዬ፣ ጌታ ዘፈን ይወዳል እንዴ?" አልኳት አንድ ቀን።

"አይወድም።"

"ታዲያ ዘፈኑ እንዳይቋረጥ ለምን ትለምኚዋለሽ?"

"ጌታ እኔ የምለው ይገባዋል" አለች። ለእሱ ይግባው፣ ለእኔ ግን አልገባኝም።

ጋሼ ማጉያውን ሲፈታው ቆቦቹ ሥር የነበረው ቅባት እንደ ኖራ ደርቆ ይፈረፈራል። "ይሄ ነው ነገሩ!" አለና እጁን አጨበጨበ። ፋብሪካ የሚሠራ ጓደኛው ጋ ሄዶ፣ ተጠቅልላ ተጠቅልላ ጫፏ የደረሰ የጥርስ ሳሙና የምትመስል ቱቦ ይዞ መጣ። በከተማው ከዚያች ሌላ የለም አለ። ነጭ ቅባት ነው፤ ሽታ የለውም።

"ይሄ ምን ያደርጋል?" አልኩት።

"አየሽ፣ ሁለት ብረት ሲነካካ ልሙጥ ይመስልሻል። ግን በመሃላቸው ለዓይን የማይታይ አየር አለ። አየሩ ሙቀቱን አላሳልፍም ይላል። ቅባቱ የአየሩን ቦታ ይይዝና ሙቀቱ ከቆቡ ወደ አልሙኒየሙ ይሻገራል።"

"አየሩ ነው የሚያሞቀው?"

"አዎ፣ አየሩ ነው።"

ይህን ብሎ ሲያበቃ ቅባቱን ዳቦ ላይ ማር እንደሚቀባ ሰው ጥቅጥቅ አድርጎ ቀባና ብሎኑን አጠበቀ። ከቆቦቹ ዳር ዳር ነጩ ቅባት ተርፎ ወጣ። "አሁን ይግል እንደሆን እናያለን" አለ። ለእኔ ደግሞ እናቴ ከሰል የምታቀጣጥልበትን የሰሌን ማራገቢያ ሰጠኝ። "ልምምድ ላይ ከማጉያው ጀርባ ቁጭ ብለሽ ታራግቢዋለሽ።"

"ለምን?"

"አየር እንዲያገኝ።"

"አየሩ ነው የሚያሞቀው አላልከኝም?"

"ያኛው አየር ሌላ፣ ይሄኛው አየር ሌላ ነው ማርትዬ" አለኝ። አሁን ይሄ መልስ ነው? እቤት እናቴ ስታራግብ ከሰሉ ይፋፋማል። እዚህ እኔ ሳራግብ ማጉያው ይበርዳል ይሉኛል። እንዲያውም አንድ ቀን የማፋፍመው እኔ እሆን እንዴ ብዬ ፈርቼ ማራገቢያውን አስቀመጥኩ። ጋሼ ከመድረኩ ማዶ በዓይኑ ገላመጠኝ፣ ወዲያው አነሳሁት።

እንዲህ ሆኖ ያ ወቅት ከመድረክ ጀርባ አለፈ። ከትምህርት ቤት መልስ ደብተሬን ወርውሬ አዳራሹ እገባለሁ። የመድረኩ መጋረጃ ቀይ ነው፤ አቧራና ላብ ይሸታል። ከወለሉ ጣውላ ሥር አይጦች ሲሮጡ ይሰማኛል። ኪነቶቹ ሲጨፍሩ ጣውላው ከእኔ ጋር ይዘላል። እኔ የማየው የጨፋሪዎቹን ተረከዝና የማጉያውን ቀይ መብራት ብቻ ነው። እጄ ሲዝል በግራዬ፣ ግራዬ ሲዝል በቀኜ። እኔ ካቆምኩ ማጉያው ይሞታል፤ ማጉያው ከሞተ ጋሼ ከሻሸመኔ ወዲያ ይሄዳል። ይህን ማንም አልነገረኝም፤ ራሴ ነኝ የደመርኩት። ልምምዱ ሲያልቅ ክንዴ ዝሎ ማንኪያ መያዝ ያቅተኝ ነበር።

ማጉያው ግን አልዳነም። ያን ሁሉ ቅባት ጠጥቶ ባሰበት እንጂ። ሦስተኛው ዘፈን ላይ ጋሼ ጣቱን በምራቁ አርሶ ቆቡ ላይ ሲያሳርፍ ጭስስ ይላል። ጋሼ ጭንቅላቱን ይዞ ተቀመጠ። "ቅባት ቀባሁት፣ ብሎኑን አጠበቅሁት፣ እያራገብነው ነው። ምን አድርግ ነው የሚለኝ?" አለ። እሱም ግራ ገብቶት ነበር። ትልቅ ሰው ግራ ሲገባው ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ያኔ ነው።

እናቴ ይህን ሁሉ ታያለች። እሷ ዘንድ ነገሩ ግልጽ ነበር። ዕቃው ትኩሳት አለው፤ ወንድሟ ቅባት ቀብቶታል፤ ቱቦዋ ትንሽ ስለሆነች አላዳረሰችም። ስለዚህ መጨመር ነው። እኔ ራሴን ሲያመኝ፣ ፀሐይ መትቶኝ ስመጣ፣ አናቴ ላይ ለጋ ቅቤ ጣል ታደርግልኛለች፤ ቅቤው እየቀለጠ ወደ አንገቴ ሲወርድ ራሴ ይቀለኛል። የሚያቀዘቅዝ ነገር ቅቤ መሆኑን በአገራችን የማያውቅ ማን አለ?

ማጉያው በዚያ ሰሞን እቤታችን ነበር የሚያድረው። ቅዳሜ ጋሼ ፊውዝ ሊፈልግ ገበያ ወጣ። እናቴ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ፣ ከከተማው ወጣ ካለው ከቱላ የመጣላትን ለጋ ቅቤ አወጣች። ለበዓል ያስቀመጠችው ነው፤ እኔ እንኳ እንዳልነካው ተከልክያለሁ። ማጉያውን አዙራ ቆቦቹን አንድ በአንድ፣ የአልሙኒየሙን ጥርሶች መሃል ለመሃል፣ በጣቷ እየጠቀጠቀች ቀባችው። የሕፃን ራስ እንደምትይዝ ነበር የያዘችው፣ ቀስ ብላ። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ትጸልያለች።

"ለጋሼ አትንገሪው፣ ሲድንለት ይገርመዋል" አለችኝ። እኔም ደስ አለኝ። ቅቤ እንደሚያቀዘቅዝ በራሴ አናት አውቃለሁና።

ሰኞ ልምምድ ተጀመረ። ጋሼ ስፒከሮቹን በጥድፊያ ሲያገናኝ ጀርባውን ልብ ብሎ አላየውም። የመጀመሪያው ዘፈን በሰላም አለቀ። ሁለተኛው ላይ አንድ ሽታ መጣ። ደስ የሚል ሽታ ነው፤ የሚነጠር ቅቤ። ከጨፋሪዎቹ አንዱ እስክስታውን አቁሞ "ማን ነው ክትፎ የሚሠራው?" አለ። ሣቁ። ቅቤው እየቀለጠ በጥርሶቹ መሃል ይወርዳል፤ አቧራውን ይዞ ጠቁሯል። እኔ አጥብቄ አራግባለሁ፤ ባራገብኩ ቁጥር ሽታው ወደ አዳራሹ ይሄዳል። ከዚያ ጭስ ወጣ፤ ከዚያ ጧ! አለና ቀዩ መብራት ጠፋ።

ጓድ ታደሰ ወደ መድረኩ ጀርባ ዘለው መጡ። ጣታቸውን አልሙኒየሙ ላይ አሳረፉ፣ አሸተቱት፣ ቀመሱትም መሰለኝ። ፊታቸው ተለዋወጠ።

"አሻጥር ነው!" አሉ። "ጴጥሮስ፣ ይሄ አሻጥር ነው! ውድድሩ በደረሰ ሰዓት የቀበሌን ንብረት ቅቤ ታጠጣለህ?"

ጋሼ ጎንበስ ብሎ የማጉያውን ጀርባ አየ። አሻጥር ምን እንደሆነ አላውቅም፤ ግን ጨፋሪዎቹ ሁሉ ከጋሼ ራቅ ራቅ ሲሉ መጥፎ ነገር መሆኑ ገባኝ። ማራገቢያዬን ይዤ እየሮጥኩ እቤት ሄድኩና እናቴን ጠራኋት። ነጠላዋን እንኳ በቅጡ ሳትለብስ መጣች። ያን ሁሉ ሰው ጥሳ ጓድ ታደሰ ፊት ቆመች።

"እኔ ነኝ የቀባሁት። እሱ አያውቅም፤ ከፈለጋችሁ እኔን ውሰዱኝ" አለች።

"ወይዘሮ" አሉ ጓድ ታደሰ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፤ "ማጉያ ቅቤ ይቀባል?"

"እርስዎስ ጓድ፣ ራስዎን ሲያምዎ እናትዎ አልቀቡዎትም?"

ጓድ ታደሰ ቆባቸውን አውልቀው አናታቸውን አከኩ። ሰው ሁሉ መሬት መሬት ያያል፤ መሣቅ እንደሆነ መፍራት እንደሆነ እኔ መለየት አቃተኝ። በመጨረሻ "ለውድድሩ ከደረሰ ደረሰ፣ ካልደረሰ እኔ የለሁበትም" ብለው ወጡ።

ጋሼ እናቴን አልተቆጣትም። ማጉያውን አቅፎ ሲሄድ እሷ ከኋላው እያለቀሰች ትከተለዋለች። እቤት ሲፈታው የተቃጠለው ፊውዙ ብቻ ነው፤ ቆቦቹ ደህና ናቸው። ግን ቅቤው ያልገባበት ቦታ የለም። ነጩ ቅባት ሁሉ ከቅቤው ጋር ተለውሷል። መጠረግ አለበት፤ ለዚያ ደግሞ አልኮል ያስፈልጋል። ፋርማሲ ተጠየቀ፣ የለም። ጋሼ ፈራ ተባ እያለ "እታለም፣ አረቄም ይሆናል" አላት።

እናቴ ከዚያ ባዶ ጠርሙስ አንስታ፣ እኔን በእጇ ይዛ፣ በጠራራ ፀሐይ እትዬ ዘነበች ቤት ሄደች። እትዬ ዘነበች ደጃፋቸው ላይ ቁጭ ብለው እግራቸውን ፀሐይ ያስመታሉ። እኛን ሲያዩ ቀና አሉ።

"ወይ ጉድ! የማርታ እናት! ዛሬ ምን እግር ጣለሽ?"

"አረቄ ፈልጌ ነው እትዬ። ጠንከር ያለውን።"

"እሰይ! እኔ እኮ አንድ ቀን ትመጫለሽ ብዬ ነበር። ጌታ ፈቀደልሽ?"

"ለማጉያው ነው" አለች እናቴ፣ ጆሮዋ ቀልቶ።

"እሱማ ይሁን። እዚህ የሚመጣ ሁሉ ለሆነ ነገር ነው የሚለው፤ አንዱ ለጉንፋን፣ አንዱ ለሆዱ፣ አንቺ ደግሞ ለማጉያ" ብለው እስኪያስላቸው ድረስ ሣቁ። እየሣቁም ቢሆን ጠርሙሱን እስከ አፉ ሞሉላት። መንገድ ላይ ጎረቤት ሁሉ አየን። እናቴ ጠርሙሱን አልደበቀችውም፤ ከፊቷ አድርጋ ነው የያዘችው፣ እኔ ግን አፍሬ ከቀሚሷ ሥር ገባሁ።

ጋሼ በጥጥ እየነከረ ቆቦቹን፣ አልሙኒየሙን፣ ጥርሶቹን ሁሉ ወለወለ። ቤታችን አረቄ ቤት መሰለ። ብረቱ ንጹሕ ሆኖ ሲያበራ ቱቦዋን አነሳ። ጨመቃት፣ አልወጣም። በእርሳስ ጠቀለላት፣ ትንሽ ወጣ። በመጨረሻ በምላጭ ሰንጥቆ ከውስጧ የቀረውን ፋቀ። የነበረው ከጥፍሬ አይበልጥም ነበር፤ ያውም ለሁሉም ቆብ።

"አለቀልኝ" አለ። ቅባቷን በምላጩ ጠርዝ ወዲህም ወዲያም እየጎተተ በየቆቡ ሥር አዳረሳት። በሥሯ የብረቱ ቀለም እስኪታይ ሳሳች። ብሎኑን አጥብቆ ሲጨርስ ከዳር የወጣ ምንም ነገር የለም። እናቴ "አሁን ይሄ ምን ይሠራል? የለም እኮ!" አለች።

በማግሥቱ ልምምድ ላይ አንድ ዘፈን፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ጋሼ ጣቱን በምራቁ አርሶ ቆቡ ላይ አሳረፈ፤ ጭስስ አላለም። መዳፉን አሳረፈ፤ አላነሳውም። ፊቱ ላይ ያየሁት መጀመሪያ ደስታ አልነበረም፣ ግራ መጋባት ነበር። ከዚያ ብድግ አድርጎ ትከሻው ላይ አወጣኝ።

"ገባኝ! ማርትዬ ገባኝ! ሙቀቱን የሚያሳልፈው ብረቱ ነው፤ ቅባቱ ስንጥቁን ብቻ ነው መሙላት ያለበት። አበዛሁበት፣ ሁለቱን ብረት ለያየኋቸው! ሲበዛ አይሠራም!"

እናቴ ስትሰማ "እንግዲያው ቅቤዬ ነው ያዳነው" አለች። ምክንያቷን ስሙ፦ ቅቤ ባትቀባ አይጠረግም ነበር፣ ባይጠረግ ቅባቱ አይሳሳም ነበር። ጋሼ "እውነትሽን ነው እታለም" ብሎ ግንባሯን ሳማት። በዚያ ሳምንት እንደሣቅነው ሥቀን አናውቅም።

የውድድሩ ቀን አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። የመጀመሪያው ቀበሌ ማጉያ ሲያፏጭ ሲያፏጭ ቆይቶ ዘጋ። የሌላው ጭሶ ወጣ። የእኛ ግን ንቅንቅ የለም። ጓድ ታደሰ ደረታቸውን ነፍተው "በእኛ ተጠቀሙ" አሉ፤ ሁሉም ቀበሌ በእኛው ማጉያ ዘፈነ። እኔ ማራገቢያዬ ጭኔ ላይ ሥራ ፈቶ ተቀምጧል። መዳፌን አልሙኒየሙ ላይ አደረግኩ፤ ለብ ብሏል፣ የድመት ሆድ ያህል። ደስ አለኝ። ከዚያ የማልጠቅም መሰለኝና ራሴን አራገብኩ።

እናቴ አዳራሽ አልገባችም፣ ዘፈን ነዋ። ግን ከውጭ፣ ግድግዳው ሥር፣ ነጠላዋን ተከናንባ ቆማ እያንዳንዱን ዘፈን እስከ መጨረሻው ሰምታለች። ዘፈን አልቆ ጭብጨባ በተሰማ ቁጥር "ተመስገን" ትል ነበር አሉ።

ሲያበቃ ወታደራዊ ልብስ የለበሱ እንግዳ ወደ መድረኩ ጀርባ መጡ። ሰውየው ቁጡ አልነበሩም፤ ፈገግ ይላሉ። "ይህን ዕቃ የሚይዘው ማን ነው?" አሉ።

ጓድ ታደሰ ቀድመው "የእኛ ልጅ ነው ጓድ ሻለቃ! ጴጥሮስ ይባላል፣ ወደር የለውም!" አሉ። ደስታቸው ይታየኛል።

እንግዳው የጋሼን ትከሻ መታ መታ አደረጉ። "ሰሜን ያለው የጦሩ ኪነት እንዲህ ያለ ሰው አጥቷል። እዚያ ሙቀቱ ዕቃውን ሁሉ ፈጀው። አንተም፣ ማጉያውም ትፈለጋላችሁ።"

እኔ ሣቅሁ። የተመሰገነ መስሎኝ ነው። ቀና ስል ጋሼ አልሣቀም፤ ጓድ ታደሰም ፊታቸው አመድ መስሏል። በኋላ እቤታችን መጥተው እናቴ ፊት ቆባቸውን እያሻሹ "ማጉያው እስካለ አለህ ብዬው ነበር፣ ቃሌን አላጠፍኩም። ምን ላድርግ፣ ማጉያዬንም እኮ ነው የወሰዱብኝ" አሉ። እናቴ አልሰደበቻቸውም። "ይቀመጡ" አለቻቸው፤ ሳይቀመጡ ሄዱ።

እኔ ይህን እስከ ዛሬ ደምሬ አልጨረስኩም። ማጉያው ከጋለ ይሄዳል ተባለ፤ ማጉያው በረደ፣ ሄደ። ጸሎቱ ካልተሰማ ይሄዳል፤ ጸሎቱ ተሰማ፣ ሄደ። ቅቤው ያዳነው ከሆነ፣ ያስወሰደውም ቅቤው ነው ማለት ነው? ይህን እናቴን አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኋትም፤ እሷ ራሷን ስትጠይቅ ግን ብዙ ጊዜ ሰምቻታለሁ።

የሄደው በጠዋት ነው። መኪናው ከአዳራሹ ፊት ለፊት ቆሟል። ማጉያውን በእናቴ ጋቢ ጠቅልለው ጭነውታል። ጋሼ የእኔን ማራገቢያ ከሻንጣው ጎን ሻጠው፤ "እዚያ የሚያራግብልኝ ስለሌለ እኔው አራግባለሁ" አለኝ። ልመጣ እፈልጋለሁ አልኩት። ከሻሸመኔ ወዲያ ያለው ደስ የሚል አገር እንዳልሆነ ያኔ ገና ይገባኝ ጀምሮ ነበር።

እናቴ መጨረሻ ላይ መጣች፤ እጇ ላይ የኮባ ጥቅል ይዛለች። እኛ ቤት በቅቤ መመረቅ የሚባል ነገር የለም፤ የድሮ ሰው ወግ ነው ብላ ትታዋለች፣ አያቶቼን እንኳ ትቆጣቸው ነበር። አሁን ግን ጥቅሉን ፈታች። ከዚያ ከበዓሉ ቅቤ የተረፈው ነው።

"ጎንበስ በል" አለችው።

ጋሼ ገባው። እየሣቀ፣ ዓይኑ ግን እንባ ሞልቶ፣ ጎንበስ አለላት። "ስስ አድርጊው እታለም" አላት። "ሲበዛ አይሠራም።"

"ዝም በል። ይሄ ማሽን አይደለም" አለችና ያላትን ሁሉ፣ እስከ መጨረሻዋ ድረስ፣ አናቱ ላይ ደፋችው። ጣቷን ፀጉሩ ውስጥ እያስገባች፣ ወንድሜ፣ ወንድሜ እያለች አሻሸችው።

መኪናው ተነሣ። ፀሐይዋ ጠንክራ ነበር። ጋሼ ጭነቱ ላይ ቆሞ እጁን ሲያውለበልብልን ቅቤው እየቀለጠ በግንባሩ፣ በጆሮው ሥር ይወርዳል፤ እሱ አልጠረገውም። እናቴ እጇን በነጠላዋ ሳትጠርግ፣ ቅቤ እንደተቀባ፣ እቤት እስክንደርስ ከፊቷ አድርጋ ይዛው ሄደች።